መብራት ሲሄድ፦ ሂውስተን አዲስ አበባ አይደለችም

ይህ ጽሑፍ የሀሪኬን (ከባሕር የሚነሳ ኃይለኛ ማዕበል) ወቅት ሊገባ ሲል ቴክሳስ፣ ሂውስተን ለሚኖሩ ወገኖቻችን ያደረግሁት ንግግር ነው። አዳራሹ ውስጥ የተነሱ ጥያቄዎችንም ጨምሬበታለሁ።

እንደምን አመሻችሁ። እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ከሥራ መልስ ሳታርፉ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። የማታ ፈረቃ የምትገቡም እንዳላችሁ አይቻለሁ። ቶሎ ወደ ነገሬ እገባለሁ።

እኔ ነርስ ነኝ። ቤት ለቤት እየሄድኩ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ኩላሊት ያለባቸውን ሰዎች አያለሁ። ዛሬ የመጣሁት ስለ ነፋሱ ላወራ አይደለም። ስለ ነፋሱ ቴሌቪዥኑ ሌት ተቀን ይነግራችኋል። እኔን የሚያሳስበኝ ነፋሱ ካለፈ በኋላ ያለው ሳምንት ነው። ዝናቡ ያባራል። ሰማዩ ይጠራል። ፀሐዩ ይከራል። መብራት ግን የለም። በሀሪኬን የሚሞት ሰው ሁሉ ጎርፍ የወሰደው ወይም ዛፍ የወደቀበት ይመስለናል። ከዚያ በኋላ ባሉት ጸጥ ያሉ ቀናት፣ ሳሎኑ ውስጥ እንደተቀመጠ የሚሞተውን አናየውም።

አንድ አባት ይህን ስነግራቸው ሳቅ አሉና "ልጄ፣ እኛ እኮ መብራት ሲሄድና ሲመጣ ያደግን ሰዎች ነን። ይሄ ለእኛ ምናችን ነው?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እኔም ያደግሁት እንደዚያው ነው። መብራት ሄደ ሲባል ሻማ ይበራል። ከሰል ይቀጣጠላል። ቡና ይፈላል። ልጆች ደጅ ወጥተው ይጫወታሉ። መብራት ሲመጣ መንደሩ በሙሉ "መጣ!" ብሎ ይጮሃል። ማንም ተጎዳሁ አይልም።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት አንድ ነገር ይሄ ነው። ያ ልምዳችን እዚህ አይሠራም። እንዲያውም አንዳንዱ ይገድላል።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። ሌሊቱ ይበርዳል። ጋቢ ያስፈልጋል። ቤቱ በበሩም በመስኮቱም ነፋስ ያስገባል። ሂውስተን ግን ከባሕሩ እኩል ናት ማለት ይቻላል። በጁላይ ሌሊቱም ይሞቃል፣ አየሩም እርጥብ ነው። የምንኖርበት አፓርታማ የተሠራው ለኤሲ፣ ለአየር ማቀዝቀዣ፣ ነው። መስኮቱ ግማሹ አይከፈትም። ኤሲው ሲቆም ቤቱ እንደ ክዳን የተገጠመበት ድስት ይሆናል።

ሀሪኬን ቤሪልን ታስታውሳላችሁ። ጁላይ 8 ቀን 2024፣ ሰኞ ንጋት ላይ፣ ማታጎርዳ አካባቢ ወደ የብስ ገባ። ደረጃ 1 ብቻ ነበር። "አንድ ብቻ ነው" ብለን የናቅነው ብዙ ነን። ከ2.2 ሚሊዮን በላይ ቤቶችና ድርጅቶች መብራት አጡ። ከሁለት ወር በፊት፣ ሜይ 16፣ ከባድ ነፋስ ከተማዋን መትቷት ስለነበር ሰዉም ቁጠባውም ዝሎ ነበር። መብራት የጠፋበትን ቦታ የሚያሳየው የመብራት ድርጅቱ ካርታ አይሠራም ነበር። ሰዉ የት ሰፈር መብራት እንዳለ የሚያየው በዋታበርገር ስልክ መተግበሪያ ላይ፣ የትኛው በርገር ቤት ክፍት እንደሆነ እየፈለገ ነበር። አንዳንዱ ቤት ከሳምንት በላይ ጨለማ ውስጥ ቆየ።

በአራተኛው ቀን አንዲት እናት ቤት ሄድኩ። ሦስተኛ ፎቅ ነው። ሊፍቱ ቆሟል። በሩን ስከፍተው ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። እማማ ሶፋው ጫፍ ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀምጠዋል። መጋረጃው ተዘግቷል። ጠረጴዛው ላይ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ አለ፣ ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ያለ ይመስላል። "ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" አሉኝ። ልጃቸው ሌላ ስቴት ናት። በየቀኑ ደውላለች። በየቀኑም "ደህና ነኝ" ብለዋታል። ላስቸግራት አልፈለግሁም አሉኝ። ቆዳቸው ደርቋል። ምራቅ የላቸውም። ቀኑን ስጠይቃቸው እሑድ ነው አሉኝ። ሐሙስ ነበር።

ከዚያ ፍሪጁን ከፈትኩ። ኢንሱሊኑ በበረዶ መሐል ተቀብሮ ነበር። ጎረቤታቸው በረዶ ገዝቶ አምጥቶላቸው፣ እንዳይበላሽ ብለው በረዶው ውስጥ ነበር የከተቱት። ሲቀዘቅዝ የጠጠረ ኢንሱሊን ደግሞ ሞቷል ማለት ነው። አይሠራም። ሦስት ቀን ሙሉ የወጉት ያንን ነበር።

እማማ ተርፈዋል። ዛሬም ደህና ናቸው። ግን እዚያ ደረጃ ላይ ስወርድ የተናደድኩት በማንም አልነበረም። እሳቸውም፣ ልጃቸውም፣ ጎረቤታቸውም የሚችሉትን አድርገዋል። የጎደለው ቀድሞ የተነገረ ነገር ነው።

እስቲ ከሙቀቱ ልጀምር። በ2017 ሀሪኬን ኢርማ ፍሎሪዳን ሲመታ፣ ሆሊውድ በምትባለው የፍሎሪዳ ከተማ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ኤሲው ቆመ። መብራቱ በሙሉ አልጠፋም ነበር፣ የጠፋው ኤሲው ብቻ ነው። 12 አረጋውያን ሞቱ። መንገዱን ተሻግሮ ትልቅ ሆስፒታል ነበር። በማግሥቱ ዓመት ፍሎሪዳ ሕግ አወጣች። እንዲህ ያለ ቤት ሁሉ ጄኔሬተር ኖሮት ለ96 ሰዓት ሙቀቱን ከ81 ፋራናይት ሳያሳልፍ እንዲያቆይ ይገደዳል። እናት አባታችሁን መጦሪያ ያስገባችሁ ካላችሁ፣ ነገ ደውላችሁ ጠይቁ። "ጄኔሬተራችሁ ኤሲውን ያነሳል ወይስ መብራቱን ብቻ?" ብላችሁ ነው የምትጠይቁት። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው።

በ2021 አይዳ ኒው ኦርሊንስን ስትመታ፣ ወደ ከተማዋ የሚገቡት ስምንቱም ትልልቅ የኤሌክትሪክ መስመሮች ወደቁ። ሙቀቱ በቀጣዮቹ ቀናት ሰው ገደለ፣ አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ ነበሩ። የፖርቶ ሪኮው ማሪያ ደግሞ ከሁሉም ይከፋል። መንግሥት መጀመሪያ የሞተው 64 ሰው ነው አለ። በኋላ የጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ አጥንቶ፣ በቀጣዮቹ ወራት በማዕበሉ ምክንያት የሞተው ሰው 2,975 እንደሚሆን ገመተ። መንግሥትም ያንን ቁጥር ተቀበለ። በ64 እና በ2,975 መካከል ያሉትን ሰዎች አስቧቸው። በዋናው ቀን የሞቱ አይደሉም። ዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) ያጡ፣ መድኃኒት ያለቀባቸው፣ የኦክሲጅን ማሽናቸው የቆመባቸው፣ ሐኪም ጋ መድረስ ያልቻሉ ናቸው።

ሙቀት ሰውን ሲይዘው መጀመሪያ ያደክማል፣ ራስ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል። ያኔ ውሃ፣ ጥላ፣ እርጥብ ጨርቅ አንገትና ብብት ላይ ይበቃል። ሰውዬው መቀባጠር ከጀመረ፣ ቀኑን ከረሳ፣ ቆዳው ከጋለ ግን ጨዋታው ተቀይሯል። ወደ ድንገተኛ ስልኩ፣ 9-1-1፣ ደውሉ። እስኪመጡ ውሃ አፍሱበት፣ አናፍሱለት። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አትስጡ።

እዚህ ላይ ማንም የማያነሳውን አንድ ነገር ላንሳ። የፍልሰታ ጾም በኦገስት ነው። ኦገስት የሀሪኬን ዋና ወቅት ነው። እናቶቻችን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምሱ ይውላሉ። ኤሲ ባለበት ቤት ይቻላል። 95 ፋራናይት በሆነ ቤት፣ የደም ግፊት መድኃኒት፣ በተለይ ሽንት የሚያሸና ኪኒን ለሚወስድ ሰው ግን አደጋ ነው። ቤተክርስቲያን ለታመመ ሰው መንገድ አላት። የንስሐ አባታችሁን አሁን፣ በደህናው ጊዜ፣ ጠይቋቸው። ያኔ በጨለማው ውስጥ ሆናችሁ ከኅሊናችሁ ጋር አትጣሉም።

አሁን ወደ ከሰል ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፣ ታገሱኝ።

ከሰል ሰው እንደሚያፍን አገራችንም እናውቃለን። በክረምት በር ዘግተው ተኝተው ያልነቁ ሰዎችን ሁላችንም ሰምተናል። ነገር ግን "ሲጨስ ነው የሚገድለው፣ ከቀላ በኋላ ችግር የለውም" የሚል እምነት አለን። ትክክል አይደለም። የሚገድለው ጭሱ አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ነው። አይታይም፣ አይሸትም፣ አያስነጥስም። ፍሙ ቀልቶ ሲያምርም ይወጣል። ደማችን ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመውን ነገር ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ጥንካሬ ይይዘዋል። አንዴ ቦታውን ከያዘ ኦክሲጅን ማረፊያ ያጣል። ሰውዬው እየተነፈሰ ይታፈናል።

ሲጀምር ራስ ምታት ነው። ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም። ጉንፋን ይመስላል፣ ግን ትኩሳት የለውም። ትንሽ ልተኛ ያሰኛል። የሚተኛው ነው የሚሞተው። አንድ ምልክት ያዙልኝ፦ ቤት ውስጥ ያሉት ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው፣ ወጥተው ንጹሕ አየር ሲያገኙም ከተሻላቸው፣ እሱ ነው። ውጡ። ጫማ አትፈልጉ፣ ቦርሳ አትፈልጉ። ውጭ ሆናችሁ 9-1-1 ደውሉ።

ጄኔሬተር ከከሰል ይብሳል። አንድ ትንሽ ጄኔሬተር በብዙ መቶ መኪና ልክ ይህን ጋዝ ያወጣል። በ2020 ሎራ ሉዊዚያናን ስትመታ ከሞቱት ሰዎች ብዙዎቹን የገደላቸው ነፋሱ ሳይሆን ከማዕበሉ በኋላ ያስነሱት ጄኔሬተር ነበር። ስለዚህ ጄኔሬተር በረንዳ ላይ አይደለም። ጋራዥ ውስጥ አይደለም። በሩ ቢከፈትም አይደለም። ከቤቱ 20 ጫማ ይርቃል፣ ስድስት ሜትር ያህል ማለት ነው። ጭስ መውጫው ከማንም መስኮት ይዞራል፣ ከጎረቤትም ጭምር። ዝናብ አለ፣ ሌባ ይወስደዋል የምትሉት ይገባኛል። በሰንሰለት እሰሩት። ወደ ቤት ግን አታስጠጉት። ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት ጋርም አታገናኙት፣ ኤሌክትሪኩ ወደ መስመሩ ተመልሶ ምሰሶ ላይ የሚሠራውን ልጅ ይገድላል።

መኪናም ያው ነው። ፌብሩዋሪ 2021 ታስታውሳላችሁ። ያኔ የመጣው ሀሪኬን ሳይሆን ብርድ ነው፣ መብራቱ ግን እንዲሁ ሄደ። በቴክሳስ ከ1,400 በላይ ሰው በዚህ ጋዝ ተመርዞ ድንገተኛ ክፍል ገባ። በዚያ ሳምንት፣ በዚህች ከተማ፣ ይህ ጋዝ የወገኖቻችንንም ቤት ገብቷል። መኪናው ጋራዥ ውስጥ ነበር የተነሳው። ለመሞቅ ነበር። ስም አልጠራም። ከእናንተ ውስጥ ለቅሶ የደረሳችሁ አላችሁ። እነዚያ ሰዎች ሰነፍ ስለሆኑ ወይም ስለማያስቡ አልነበረም። ልጆቻቸው ስለበረዳቸው ነው። ይህንን በአማርኛ የነገራቸው ሰው አልነበረም ብዬ ሳስብ እስከ ዛሬ እንቅልፍ ይነሳኛል።

እባካችሁ ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም ግዙ። በባትሪ የሚሠራውን። ሶኬት ላይ ብቻ የሚሰካው መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ማንኛውም የቤት ዕቃ መደብር አለ። አፓርታማችሁ ጣሪያ ላይ ያለው የእሳት አላርም ሊሆን ይችላል፣ ይሄኛውን ላያካትት ይችላል። ቁልፉን ተጭናችሁ፣ ጽሑፉን አንብባችሁ አረጋግጡ። ቡናችሁንም አፍሉ፣ ማንም አይከለክላችሁም። ከሰሉን ግን ደጅ፣ ከመስኮት ርቆ። ፍሙን ይዛችሁ ወደ ሳሎን አትመለሱ። ለዕጣን ብላችሁም ቢሆን።

አሁን ወደ መድኃኒት። አገር ቤት ፍሪጅ የሌለው ሰው ኢንሱሊኑን ገንቦ ውስጥ ያስቀምጣል። እኔ ራሴ አጎቴ ቤት አይቻለሁ። ሁለት ሸክላ፣ በመካከሉ እርጥብ አሸዋ። ይሠራል፣ ብልህ ነገር ነው። የሚሠራው ግን ውሃው እየተነነ ሙቀቱን ይዞት ስለሚሄድ ነው። የሂውስተን አየር ራሱ ውሃ የጠገበ ስለሆነ አይተንም። አንዲት እህት ባለፈው በረንዳዋ ላይ ሞክራው፣ ሸክላው እንደ ቤቱ ሞቆ አገኘችው።

ደግነቱ ኢንሱሊን የምናስበውን ያህል ስስ አይደለም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር እንደሚለው፣ ከ59 እስከ 86 ፋራናይት ባለ ቦታ ያለ ፍሪጅ እስከ 28 ቀን ይሠራል። ስለዚህ መብራት ሲሄድ አትደንግጡ። ኩለር (ቅዝቃዜ የሚይዝ ሣጥን) ውስጥ አድርጉት። በረዶው በፎጣ ይጠቅለል፣ ኢንሱሊኑ በረዶውን አይንካ። መኪና ውስጥ አትተዉት። ከጠጠረ ጣሉት። ከ86 በላይ ሙቀት ውስጥ የቆየ ብቻ ካላችሁና ሌላ ከሌለ፣ ከመቅረት እሱን ውጉ፣ ስኳራችሁን ቶሎ ቶሎ ለኩ፣ አዲሱን ፈልጉ።

መድኃኒት ካለቀስ? ቴክሳስ ውስጥ አደጋ ከታወጀ በኋላ ሐኪሙ ካልተገኘ፣ ፋርማሲስቱ እስከ 30 ቀን የሚሆን መድኃኒት ሊሰጣችሁ ይችላል። ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎችን አይጨምርም። ባዶውን ብልቃጥ ይዛችሁ ሂዱ። ስማችሁ፣ የመድኃኒቱ ስም፣ ቁጥሩ እዚያ ላይ ነው። ኢንሹራንስ ለሌለው ሰው ደግሞ ፌዴራል መንግሥቱ በአደጋ ጊዜ የሚከፍተው የድንገተኛ መድኃኒት እርዳታ ፕሮግራም አለ። ሲከፈት የ30 ቀን መድኃኒት በነፃ ይሰጣል። መከፈቱን 2-1-1 ደውላችሁ ትጠይቃላችሁ።

2-1-1 ስል፣ ይህችን ቁጥር ከ9-1-1 ቀጥሎ ያዟት። የቴክሳስ የእርዳታ መረጃ ስልክ ናት። ማቀዝቀዣ ማዕከል የት ተከፈተ፣ ውሃና በረዶ የት ይታደላል፣ መጠለያ የት ነው፣ ሁሉንም ይነግሯችኋል። የከተማዋ 3-1-1 ደግሞ አለ። ወደ ማቀዝቀዣ ማዕከሉ የሚወስደኝ አጣሁ ብላችሁ ጠይቁ። ቤተ መጻሕፍትና የከተማዋ የአገልግሎት ማዕከላት ናቸው ብዙ ጊዜ የሚከፈቱት። "እዚያ ሄጄ ልለምን?" የሚሉ አባቶች አሉ። ልመና አይደለም አባቶቼ። የከፈላችሁት ታክስ ነው። ወንበር፣ ቀዝቃዛ አየር፣ ስልክ መሙያ ሶኬት ነው ያለው።

እንግሊዝኛ አልችልም ብላችሁ አትተዉ። የትኛውም ቁጥር ላይ ስትደውሉ "አምሃሪክ" በሉ። አንድ ቃል ይበቃል። ከዚያ ስልኩን አትዝጉ። ጸጥ ይላል፣ የተቋረጠ ይመስላል። አልተቋረጠም፣ አስተርጓሚ እየፈለጉ ነው። 9-1-1 ላይ ግን መጀመሪያ አድራሻችሁን ተናገሩ። የአፓርታማችሁን ቁጥር በእንግሊዝኛ ማለት ተለማመዱ። ስልኩ ቢቋረጥ እንኳ የት እንዳላችሁ ያውቃሉ።

ቤቱ ማሽን ያለበት ሰው አሁን ይስማኝ። ኦክሲጅን፣ የአስም ማሽን፣ የእንቅልፍ መተንፈሻ፣ ከፍ ዝቅ የሚል አልጋ። በመላው አሜሪካ ሜዲኬር (በተለይ ለአረጋውያን የሆነው የመንግሥት የጤና መድን) ካላቸው ሰዎች ውስጥ ከ4 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት በኤሌክትሪክ የሚሠራ የሕክምና ዕቃ ላይ ናቸው። ፌዴራሉ ኤምፓወር በሚባል ካርታ ላይ በየሰፈሩ ስንት እንዳሉ ይቆጥራቸዋል። ቁጥሩ የእናንተን በር ግን አያንኳኳም። መመዝገብ የእናንተ ነው።

ሁለት ምዝገባ አለ። አንደኛው ስቲር ይባላል፣ የቴክሳስ የድንገተኛ እርዳታ መዝገብ ነው። በ2-1-1 ትመዘገባላችሁ። መኪና የሌለው፣ መራመድ የማይችል፣ ማሽን ያለው ሰው ሁሉ። በየዓመቱ ይታደሳል። ሁለተኛው የመብራቱ ነው። ሐኪማችሁ የሚሞላላችሁ ፎርም አለ፣ "ይህ ሰው መብራት ቢጠፋ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው" የሚል። ለመብራት መስመሩ ድርጅት ይላካል። ሳልዋሻችሁ ልንገራችሁ፣ ሁለቱም ዋስትና አይሰጡም። "መጀመሪያ የእናንተን እንቀጥላለን" አይሉም። ስለዚህ ተመዝግባችሁም ቢሆን ሁለተኛ መንገድ ይኑራችሁ። ኦክሲጅን የሚያመጣላችሁን ድርጅት መብራት የማይፈልግ ሲሊንደር ጠይቁት፣ ስንት ሰዓት እንደሚቆይም ጻፉት። ኦክሲጅን ባለበት ክፍል ሻማ አይበራም፣ በፍጹም።

ዲያሊሲስ ላይ ያላችሁ፣ ማዕበል ሊመጣ ሲል ማዕከላችሁን ደውላችሁ ቀናችሁን እንዲያስቀድሙላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ያደርጋሉ። የሦስት ቀን የድንገተኛ አመጋገብ ወረቀት አላቸው፣ ተቀበሏቸው። የእኛ ምግብ ምስር፣ ድንች፣ ቲማቲም ይበዛዋል። ፖታሲየም ነው። እጥበቱ ሲዘገይ ልብ ያቆማል። ሻንጣ ስታዘጋጁ "ምስር ወጥ ይበቃኛል" አትበሉ።

ስለ ምግብ ብዙ አልልም፣ ግን ጥያቄው ስለመጣ ልመልስ። አንዲት እናት "ልጄ፣ ዶሮ ወጡን ደህና አድርጌ ባሞቀውስ?" ብለው ጠየቁኝ። ፍሪጅ ሳይከፈት አራት ሰዓት ይይዛል። ሙሉ ፍሪዘር 48 ሰዓት፣ ግማሹ የሞላ 24። ከዚያ በኋላ ሥጋው፣ አይቡ፣ ወጡ፣ ወተቱ ይጣላል። ማሞቅ ጀርሙን ይገድል ይሆናል፣ ጀርሙ የተፋውን መርዝ ግን ሁልጊዜ አያጠፋውም። ቅርጫ ተካፍላችሁ ፍሪዘር የሞላችሁ ሰዎች ስትጥሉት ልባችሁ እንደሚቆረጥ አውቃለሁ። እኔም ጥያለሁ። ደግሞ በጨለማ ለቤተሰቡ በሙሉ የሆድ ሕመም ማስታመም ምን እንደሆነ አይቻለሁ። የእኛ ጓዳ ለዚህ የተፈጠረ ነገር አለው፦ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ሽሮ። ንጥር ቅቤም ቶሎ አይበላሽም። ስኳር ያለባችሁ በሶውን ያለ ስኳር።

ፉድ ስታምፕ (የመንግሥት የምግብ መግዣ እርዳታ) የምትቀበሉ፣ በእሱ የገዛችሁት ምግብ ከተበላሸ ይተካል። ግን በ10 ቀን ውስጥ ማመልከት አለባችሁ። ሳትጥሉት ፎቶ አንሱት።

አንድ ወጣት ሹፌር ስልክና የእናቱን የአስም ማሽን ከመኪናው እየሞላ መጠቀም ይችል እንደሆነ ጠየቀኝ። ይቻላል። መኪናው ደጅ ቆሞ፣ ጋራዥ ውስጥ ሳይሆን። ቤንዚኑን ማዕበሉ ከመድረሱ በፊት ሙላው፣ መብራት ከሌለ ማደያውም አይቀዳም። ጥሬ ገንዘብም ያዝ፣ ካርድ ማሽኑም ይቆማል። የጋራዥ በርህን በእጅ መክፈት ተለማመድ፣ ቀይ ገመዷ አለች።

ሌላው ስለ ውሃ ጠየቀ። ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ የሚል ማስታወቂያ ከወጣ፣ ፍልቅልቅ ብሎ ከተነሳ በኋላ አንድ ደቂቃ ይበቃል። አዲስ አበባ ቢሆን ሦስት ደቂቃ ነበር፣ ከፍታው ላይ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ። እዚህ እንኳ ሂውስተን ትቀልላለች።

መንፈሳችሁ ሲታወክም ዝም አትበሉ። በ2021 እና በ2024 መሐል ሦስት ጊዜ ጨለማ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ሰማይ ሲጠቁር ልቡ ይመታል። ያ እብደት አይደለም። በአደጋ ጊዜ ለተጨነቀ ሰው ሌት ተቀን የሚመልስ ነፃ ስልክ አለ፣ 1-800-985-5990። እዚያም "አምሃሪክ" ይባላል። መርዝ ወይም ተሳስቶ የተወሰደ መድኃኒት ካለ ደግሞ 1-800-222-1222።

እነዚህን ቁጥሮች በስልካችሁ ብቻ አትያዙ። ስልኩ ይሞታል። ወረቀት ላይ በትልቁ ጻፉና ፍሪጁ በር ላይ ለጥፉ።

ከአገር ቤት ያመጣነው የሚሠራ ነገር የለም ወይ ብላችሁ እንዳትወጡ። አለ። እድር ነው። እማማ አራት ቀን "ደህና ነኝ" ያሉት በስልክ ስለተጠየቁ ነው። በስልክ ሁላችንም ደህና ነን። በር ላይ ቆሞ ያየ ሰው ግን ምራቃቸው መድረቁን ያያል። ሰው ሲሞት ድንኳን ለመትከል የተደራጀን ሰዎች፣ ሳይሞት ደረጃ መውጣት አያቅተንም። የእድር ሰብሳቢዎችን አነጋግሬ ተስማምተናል። መብራት ከጠፋ ከ24 ሰዓት በኋላ፣ በየሰፈሩ የተመደቡ ሁለት ሁለት ሰዎች፣ ዝርዝሩ ላይ ያሉትን ቤቶች ያንኳኳሉ። ቀኑን ይጠይቃሉ። ውሃ ሲጠጡ ቆመው ያያሉ። ኢንሱሊኑን ያያሉ። በማግሥቱም ይመለሳሉ።

አሁን ወረቀት እየዞረ ነው። ስም፣ አድራሻ፣ ፎቅ፣ ማሽን ካለ የማሽኑ ዓይነት፣ የምትወስዱት መድኃኒት፣ ሌላ ስቴት ያለ ልጅ ካለ ስልኩ። ዝርዝሩ በሁለት ሰዎች እጅ ብቻ ነው የሚቀመጠው፣ ለማንም አይሰጥም። ማንኳኳት የምትፈልጉ ከኋላ ባለው ሰማያዊ ወረቀት ላይ። ዛሬ ያልመጣ፣ ብቻውን የሚኖር ሰው የምታውቁ ከሆነ ነገ ጠዋት ቤቱ ሂዳችሁ ፈቃዱን ጠይቁትና አስመዝግቡት። የሀሪኬን ወቅት የሚገባው ጁን 1 ነው።